ከዛፍ ሽበት ባሻገር፦ የሐሩር ክልል ላይከኖች

ከሳነቴ አምባ ወደ ሐረና ደን የሚወርድ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ከአስታና ከኮሶ ቅርንጫፍ በተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ላይ ነው። ይህ ግራጫ ጺም ኡስኒያ የተባለ የላይከን ወገን ነው። እጅግ ያምራል፤ ሆኖም ላይከንን በእርሱ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከሐሩር ክልል ሀብት ጥቂቱን ነው ያየው። በሐሩር ደን የሚበዙት ከቅርፊት ጋር ተጣብቀው የሚያድጉ፣ ብዙ ሰው የዛፉ መልክ ናቸው ብሎ የሚያልፋቸው ስስ ሽፋኖች ናቸው።

ላይከን የሚባለው የሽርክና ኑሮ ነው። ፈንገሱ አካሉን ይሠራል፤ በውስጡ ያለው አልጌ ወይም ሳያኖባክቴሪያ ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር ይህን በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲገልጽ ብዙ የዘመኑ የላይከን ሊቃውንት አጥብቀው ተቃውመውታል። ዛሬ በዓለም ላይ 20,000 ገደማ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ግራፊዳሲኤ የተባለው በአብዛኛው የሐሩር የሆነ ቤተሰብ ብቻ ከ2,000 በላይ አለው፤ የብዙዎቹ ፍሬ በቅርፊት ላይ የተጫረ ጥቁር ጽሕፈት ይመስላል።

ይህ ቁጥር ግን ገና አላለቀም። የላይከን ተመራማሪው አንድሬ አፕትሩት በፓፑዋ ኒው ጊኒ ከአንድ ዛፍ ብቻ 173 የላይከን ዝርያዎችን መዝግቧል። ከዚህም የሚያስደንቀው በላቲን አሜሪካ ተራሮች የሚታወቀው ኮራ የተባለው ላይከን ታሪክ ነው። ለረጅም ዘመን አንድ ዝርያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዘረመል ጥናት በውስጡ 126 ዝርያዎችን ለየ፤ ትክክለኛው ቁጥር ከ400 ሊበልጥ እንደሚችልም ገመተ። ኮራ ደግሞ በዓይን የሚታይ ትልቅ ላይከን ነው። ትልቁ ይህን ያህል ከተሰወረ፣ በማጉያ መነጽር ብቻ የሚለየው ስንት ይደብቅ ይሆን?

ታዲያ ጺማምና ቅጠላማ ላይከኖች ከቆላው ይልቅ ደጋውን የሚመርጡት ለምንድን ነው? ላይከን ውኃውን የሚቆጣጠርበት ሥርና የተከደነ ቆዳ የለውም፤ አየሩ ሲርስ ይነቃል፣ ሲደርቅ ይተኛል። በቆላ ደን ሌሊቱ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ ቀን ያጠራቀመውን ምግብ ሌሊቱን በትንፈሳ ያቃጥለዋል። ሲነጋ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ታደርቀውና ምግብ የሚሠራበት ጊዜ ያጥረዋል። በደጋ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ጉሙም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ወጪው ይቀንሳል። ደጋው ላይ ከሚበዙት መካከል ሳያኖባክቴሪያ ያላቸው ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ያስራሉ፤ ሲረግፉም ለደኑ አፈር ይተዉታል።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚስበኝ በሕያው ቅጠል ላይ የሚኖረው ወገን ነው። ስዊድናዊው ሮልፍ ሳንተሶን በ1952 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ጥናት የዚህን ዘርፍ መሠረት ጣለ፤ አሁን ከ800 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ቅጠል መርገፉ ስለማይቀር እነዚህ ላይከኖች ተወልደው፣ አድገው፣ ዘር በትነው መጨረስ ያለባቸው በቅጠሉ ዕድሜ ውስጥ ነው። በጥላማው የደን ወለል ቅጠል ለዓመታት ሊቆይ መቻሉ ነው የሚያኖራቸው። ከእነርሱ አንዱ ስትሪጉላ ነው፤ አጋሩም ሴፋሌውሮስ የተባለ አልጌ። ይኸው የአልጌ ወገን ብቻውን ሲሆን የቡናና የሻይ ቅጠልን የሚያሳምም ጥገኛ ነው።

ዝርያ መለየቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ናሙናው ከነቅርፊቱ በቢላ ይላጣል፣ ፍሬው በስሱ ተቆርጦ ስፖሩ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሲነካው ቀለሙ መለወጥ አለመለወጡ ይመዘገባል። ይህ ስለሚያደክም ብዙ ቅኝት ትልልቆቹን ብቻ ቆጥሮ ይመለሳል። እኔ ይህን አደገኛ አቋራጭ እለዋለሁ። ደን ሲሳሳ ብርሃንና ድርቀት ወደ ግንዱ ይገባሉ፤ ቀድመው የሚጠፉት ጥላ የለመዱት ስስ ሽፋኖች ናቸው፤ በቦታቸው ፀሐይ የሚወዱ፣ በመንገድ ዳር ዛፍም የሚገኙ ዝርያዎች ይተካሉ። የዝርያው ድምር ብዙም ላይቀንስ ይችላል። ስለዚህ ቅኝቱ ስንት እንደተገኘ ብቻ ሳይሆን የትኛው፣ በየትኛው ግንድ፣ በምን ያህል ጥላ ሥር እንደተገኘ ካልጻፈ፣ የተጎዳውና ያልተጎዳው ደን በወረቀት ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ።