«ልጅ ምን ያውቃል?»

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ዘመዶች ግቢውን ሞልተውታል። መርዶ ሊነግሩ ነው የመጡት። ታላላቆቹ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ፣ የ7 ዓመቷ ትንሿ እህት ግን ከነእንቅልፏ በጋቢ ተጠቅልላ ጎረቤት ቤት ተወሰደች። ስትነቃ «አባዬስ?» ብላ ጠየቀች። «ውጭ አገር ሄዷል፣ አሻንጉሊት ይዞልሽ ይመጣል» ተባለች።

ይኸው ስድስት ወር ሆነ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወደ ደጅ ትሮጣለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «ልንገራት ወይስ ልተወው?» እያለ እንቅልፍ አጥቷል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየሰፈራችን ያለ ጉድ ነው። ለአዋቂው ሀዘንተኛ እድር አለን፣ ድንኳን አለን፣ አብሮ የሚያድር ጎረቤት አለን። ለልጁስ? «ልጅ ምን ያውቃል!» ብለን ከረሜላ እናስይዘዋለን።

እያለቀሱ መጫወት

አሜሪካኖቹ በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ነገር ለምደዋል። በፈረንጆቹ 1982 ኦሪገን ውስጥ፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ ሀዘን ለደረሰባቸው ልጆች «ዳጊ ሴንተር» የተባለ ማዕከል ተከፈተ። ስሙም በ13 ዓመቱ በአንጎል ዕጢ የሞተ ልጅ መታሰቢያ ነው። በ1998 ደግሞ እናቷን በ9፣ አባቷን በ12 ዓመቷ ያጣች አንዲት ሴት ቨርጂኒያ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ካምፕ መሠረተች። ዛሬ በብዙ ከተሞች ክረምት ሲገባ የቀን ካምፕ ይዘጋጃል። ልጁ ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ቤቱ ይገባል።

ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል? መጫወት ነዋ! ኳስ አለ፣ ሥዕል አለ። መሀል ላይ ግን ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ማን እንደሞተባቸው ይነጋገራሉ። መናገር ያልፈለገ አይገደድም። የሟቹን ፎቶና ትንንሽ ዕቃ የሚያስቀምጡበት የማስታወሻ ሣጥን ይሠራሉ። ንዴት የያዘውም መላ አለው፤ ዳጊ ሴንተር ውስጥ ልጆች እንደልባቸው የሚጮሁበትና ንዴታቸውን የሚያወጡበት፣ ግድግዳው በፍራሽ የተሸፈነ ክፍል አለ። ስሙም «እሳተ ገሞራ» ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ልጁ ይዞት የሚሄደው አንድ ነገር አለ፦ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም!»

ውሸቱ የት ያደርሳል?

ባለሙያዎች እንደሚሉት የልጅ ሀዘን እንደ አዋቂ ሀዘን ተያይዞ አይሄድም። አሁን ያለቅሳል፣ ወዲያው ኳስ ይጫወታል። ረስቶት ግን አይደለም። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «ሄዷል» የተባለው ደግሞ እናቱ ገበያ በወጣች ቁጥር ይጨነቃል። ሌላው «ስላስቸገርኩት ነው የሞተው» ብሎ በሆዱ ራሱን ይከሳል። እኛ ሳንነግራት ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ብትሰማውስ? ያኔ አባቷን ብቻ ሳይሆን እኛን ማመንንም ታጣለች።

እና ምን ይሻላል?

አንተ ታላቅ ወንድም፣ መጀመሪያ እናትህን አማክር፣ አክስቶችህንም አሳምን። ከዚያ ጸጥ ባለ ሰዓት አጠገብህ አስቀምጣትና በአጭሩ ንገራት፦ «አባዬ በጣም ታሞ ሞቷል። ተመልሶ አይመጣም። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ውጭ አገር ሄዷል ያልንሽ ፈርተን ነው፣ ይቅርታ። እኔ አለሁልሽ።» አልቅስ፣ እንባህን አትደብቅባት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገመድ ስትዘል ብታያትም አትገረም።

ካምፕ የለንም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። ትምህርት ሲዘጋ ወላጅ ያጡ ሁለት ሦስት የሰፈር ልጆችን በረንዳ ላይ ሰብስብ። ወረቀት፣ ከለርና የጫማ ካርቶን ይበቃል። እንቅልፍና ምግብ ለረጅም ጊዜ እምቢ ካላት፣ ወይም «እኔም መሞት እፈልጋለሁ» ካለች ግን ሳትውል ሳታድር ወደ ባለሙያ ውሰዳት።

መርዶው ስድስት ወር ዘግይቷል። ቢሆንም ከጎረቤት ልጅ አፍ ከምትሰማው ከአንተ ብትሰማው ይሻላል። ቀጣዩ አውሮፕላን ሲያልፍ ደጅ ላይ ብቻዋን አትቁም።