ከረዩ፥ የአዋሽ ዳር አርብቶ አደር

በአዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል ሰፈር የግመል ወተት የሚጠጣ ሰው ከወተቱ አስቀድሞ የሚያጣጥመው ጢሱን ነው፤ የቆላ ሴቶች ዕቃውን በእንጨት ጢስ ሳያጥኑ ወተት አያኖሩበትምና። ከተሜው ግን ዕቃውን ያጠነችውን ሴት ኑሮ ብዙም አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም፥ ቤት የሌለው፥ ከብቱ ወደ መራው የሚከተል ሕዝብ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ አስተያየት ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ሆነ ለማስረዳት፥ ከመገናኛ ተነሥቶ በአዳማ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሲኬድ፥ በመተሐራና በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ የሚገኙትን የከረዩ ኦሮሞዎች ማስተዋወቅ ይበቃል።

ከረዩ ግመል፥ ላም፥ ፍየልና በግ ያረባል፤ የሚተዳደረውም በገዳ ሥርዐት ስለ ሆነ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጕዞውም እንደ ሥልጣኑ ሥርዐት ነበረው፤ ይኸውም በዘመነ ክረምት፥ ዝናሙ በየሜዳው ኵሬውን ሲሞላና ሣሩን ሲያበቅል፥ ከብቱን ይዞ ከአዋሽ ወንዝ ይርቅ ነበር፤ በበጋ ኵሬው ሲደርቅ ደግሞ ወደ አዋሽ ዳር ይመለስ ነበር። ክረምቱ ለወንዙ ዳር ሣር የዕረፍት ወራት ስለ ነበረ፥ ሳይነካ ያደገው ሣር በበጋው ክፉ ወር ከብቱን ከሞት ያተርፍ ነበር። ስለዚህ እረኛው ለቆት የሄደው መሬት ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነበር እንጂ የተጣለ አልነበረም።

ይህን ኑሮ የሚንቅ ሰው፥ አበ ብዙኃን አብርሃም በድንኳን እንደ ኖረ፥ ከሎጥም ጋር የተለያየው በግጦሽ ምክንያት እንደ ሆነ ሲነበብ ሰምቷል። የራሳችንም ነገሥታት ቢሆኑ ለብዙ ዘመን መናገሻቸው ድንኳን ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም አዲስ አበባ የገቡት አንኮበርንና እንጦጦን ለቀው ነው።

ሆኖም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማንም ስም ያልተያዘውንና የተተወውን መሬት፥ የግጦሹንም መሬት ሁሉ ጨምሮ፥ የመንግሥት ሀብት አደረገው፤ የከረዩም ይዞታ በልማድ እንጂ በደብተር የተጻፈ ስላልነበረ፥ በሕጉ ዐይን ባዶ መሬት ሆኖ ታየ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ወንጂ ላይ ስኳር የሠራው የሆላንድ ኩባንያም መተሐራ ላይ ሸንኮራ አገዳ ተከለና ፋብሪካው በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አገዳው የፈለገው ያንኑ የበጋ መሸሻ የሆነውን የወንዝ ዳር ነበር። በዚያው ሰሞን፥ በ1961 ዓ.ም.፥ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፍራ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በሕግ ስለ ተከለለ፥ ሳላ የሚባለው የዱር እንስሳ በተፈቀደለት ሜዳ ላም ወንጀለኛ ሆነች። ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ከቀረው ላይ ወሰደ።

ነገሩ በዓለም እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ሰፊ ሜዳ ጎሽ እየተከተሉ የኖሩት ላኮታዎች፥ ሱ ከሚባለው ታላቅ ሕዝብ ወገን የሆኑት፥ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 የአሜሪካ መንግሥት ጥቍር ኮረብታ የሚባለውን አገር ጨምሮ ሰፊ መሬት ለእነርሱ እንዲሆን ውል ፈረመ፤ በ1874 ግን በኮረብታው ወርቅ ተገኘ፤ በ1876 የሌተና ኮሎኔል ከስተርን ጦር ቢደመስሱም፥ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ተወሰደባቸው፤ በ1890ም ወንድድ ኒ በሚባል ስፍራ ሴትና ሕፃን ሳይለይ ተፈጁ። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሬቱ የተወሰደው ያለ ተገቢ ካሣ መሆኑን አረጋግጦ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ቢወስንም፥ መሬታችንን እንጂ ገንዘብ አንፈልግም ብለው አልተቀበሉም። ላኮታዎች የሚሟገቱበት የተፈረመ ውል በእጃቸው ነበረ፤ ለከረዩ የነበረው የሽማግሌ ምስክርነት ብቻ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የኢትዮጵያ አርብቶ አደር ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። ድንጋጌው የመጣው ግን የመተሐራ ፋብሪካ ሥራ በጀመረ በ25 ዓመቱ ነው፤ ፋብሪካውም ፓርኩም ዛሬ በስፍራቸው አሉ።