የግዕዝ ፊደል በተርሚናል መስኮት

በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪቲ100 የተባለው ተርሚናል ገጹን በ24 መስመርና በ80 ዐምድ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ፊደል አንዲት እኩል ክፍል ይሰጥ ነበርና፣ እርሱን መስለው የሚሠሩት የዛሬዎቹ የተርሚናል ፕሮግራሞችም ይህንኑ ሥርዐት ወርሰዋል። ለቻይናና ለጃፓን ፊደላት ሁለት ሁለት ክፍል ሲመደብላቸው፣ የግዕዝ ፊደል ግን፣ ምንም እንኳ ባለ ሦስት እግሮቹ ሐና ጠ ወርዳቸው የሰፋ ቢሆን፣ በዩኒኮድ የወርድ ሠንጠረዥ ከሰፊዎቹ ጋር ስላልተቈጠረ አንዲት ክፍል ብቻ ይደርሰዋል፤ ስለዚህም ወይ ይጨመቃል፣ ወይ ጎኑ ይቈረጣል፣ ወይ በጎረቤቱ ላይ ይደረባል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገባው የማጥበቂያ ምልክትም በፊደሉ ራስ ላይ የሚያርፍ እንጂ የራሱ ስፍራ የሌለው ስለሆነ፣ እንደ አንድ ፊደል የሚቈጥረው ፕሮግራም መስመሩን ያዛባዋል። በእኔ አስተያየት ለሊቃውንት ቅርስ የሚገባው ፊደሉን ማጥበብ ሳይሆን ክፍሉን ማስፋት ነው።