የተዘጉ ታሪካዊ ትምህርት ቤቶች፦ የሚባለውና እውነቱ

በዋሽንግተን ዲሲ መሀል፣ 13ኛው ጎዳናና ኬ ጎዳና በሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ፍራንክሊን የሚባል ባለ ቀይ ጡብ ትምህርት ቤት ቆሟል። በከተማዋ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ በአጠገቡ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለዓመታት በሩ ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ስላሉ ሕንፃዎች ብዙ ነገር ይባላል፤ አብዛኛው ግን እውነት አይደለም። የተሳሳተ ወሬ ደግሞ እዚህ ላይ ጉዳት አለው። የተዘጋ ትምህርት ቤት ዕጣው የሚወሰነው ሰፈሩ «አበቃለት» ብሎ ፊቱን ባዞረባቸው ዓመታት ነውና።

«የተዘጋው ስላረጀ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ተማሪ ስላነሰ ነው። ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳር ይወጣል፣ ልጆች ቻርተር ወደሚባሉ፣ በሕዝብ ገንዘብ ግን ራሳቸውን ችለው ወደሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ይዛወራሉ፣ በጀት ይጎድላል፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ሕንፃ ማሞቅና ማስጠበቅ ይከብዳል። ዲሲ በ2008 ከ20 በላይ ትምህርት ቤቶችን ዘጋች። በ2013 ፊላዴልፊያም ከ20 በላይ፣ ቺካጎ ደግሞ ወደ 50 የሚጠጉ ዘጉ። የተሰጠው ምክንያት በየቦታው የተማሪ ቁጥር መቀነስና የገንዘብ እጥረት ነበር። ትምህርት ቤታቸውን ያጡት ልጆች በብዛት ጥቁሮች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ሕንፃው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ «አርጅቶ ተዘጋ» ከተባለ «ይፍረስ» ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራል።

«ባዶውን ቢቆይ ምን ይሆናል?»

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ አስተሳሰብ ነው። ባዶ ሕንፃን የሚገድለው ውሃ ነው። የጣሪያ አሸንዳ በቅጠል ይደፈናል፤ ዝናቡ መውረጃ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። ጡቡ የያዘው ውሃ በክረምቱ ብርድ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ የጡቡን ፊት ይልጠዋል። በጡብ ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩት የወለል እንጨቶች ጫፋቸው ከውስጥ ይበሰብሳል። ይህ ከውጭ አይታይም። ማሞቂያው ውሃው ከቧንቧ ሳይፈስ ከተዘጋ ቧንቧው ይፈነዳል። ቀጥሎ የመዳብ ሽቦና ቧንቧ ሌቦች ይመጣሉ። ጣሪያን በጊዜ መጠገን፣ አሸንዳ መጥረግና አየር ማስገባት ትንሽ ወጪ ነው። ይህ ሳይደረግ አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ግን ገዢን ያሸሻል፤ ያኔ «ድሮም ብለን ነበር» የሚሉ ሰዎች ትክክል ይመስላሉ።

የፍራንክሊን ታሪክ የመጠበቅን ርዝመት ያሳያል። ሕንፃው በ1869 ሲከፈት የአገሪቱ ሞዴል ትምህርት ቤት ነበር። የነደፈው አዶልፍ ክሉስ የጀርመን ተወላጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ከካርል ማርክስ ጋር ይጻጻፍ የነበረ ሰው ነው። ንድፉ በ1873 በቪየናው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ለዋሽንግተን ሽልማት አስገኝቷል። በ1880 አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና ረዳቱ የሰውን ድምፅ በሽቦ ሳይሆን በብርሃን ጨረር አሳፍረው 213 ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራ የላኩት ከዚሁ ትምህርት ቤት ጣሪያ ነው። በ1920ዎቹ ክፍሎቹ ወደ ቢሮነት ተለወጡ፤ እስከ 1968 ድረስ የከተማው የትምህርት አስተዳደር እዚያ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ግን ሕንፃው ቋሚ ተጠቃሚ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከ2002 እስከ 2008 ቤት የሌላቸው ወንዶች መጠለያ ሆነ። መጠለያው ሲዘጋ ቅሬታው ከባድ ነበር፤ በ2011 ተቃዋሚዎች ባዶውን ሕንፃ ለመያዝ ገብተው በፖሊስ እንዲወጡ ተደርገዋል። በ2014 ለዘመናዊ ጥበብ ማዕከል ተሰጥቶ፣ በቀጣዩ ዓመት አዲስ ከንቲባ ስትመጣ ውሳኔው ተሰረዘ። በመጨረሻ በ2017 ስለ ቋንቋ ለሚያስተምር ፕላኔት ወርድ ለተባለ ሙዚየም ተሰጠ፤ ሙዚየሙም በጥቅምት 2020 በሩን ከፈተ።

ይህን ሁሉ መጠበቅ የቻለው ግንቡ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተማው የውጭውን ገጽ አሳድሶት ነበር። የሕንፃው አገልግሎት ምን እንደሚሆን እንኳ ሳይታወቅ የወጣ ገንዘብ ነው፤ ያኔ «ለባዶ ቤት ይህን ያህል?» ያለ ሰው ቢኖር አይገርምም። ለእኔ ግን በዚህ ሕንፃ ላይ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ የበለጠው ያ ነው።

«በቅርስነት ከተመዘገበ ምስማር አይመታበትም»

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚምታቱ ነው ይህ የሚባለው። በአሜሪካ፣ በ1966ቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ የተቋቋመ ብሔራዊ መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ ላይ መስፈር ብቻውን፣ በራሱ ገንዘብ የሚሠራን የግል ባለቤት ከማደስም ሆነ ከማፍረስ አይከለክለውም። የሚከለክለው የከተማው የራሱ የቅርስ ሕግ ነው። እሱም ቢሆን የሚለው «ፈቃድ ጠይቅ» ነው። ብሔራዊው መዝገብ እንዲያውም ገንዘብ ያስገኛል፦ ገቢ የሚያስገኝን ታሪካዊ ሕንፃ የፌዴራሉን የእድሳት ደንብ ተከትሎ ያደሰ ሰው፣ ካወጣው የእድሳት ወጪ 20 በመቶውን ከፌዴራል ታክሱ ላይ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይቀነስለታል።

ደንቡ ለትምህርት ቤት የሚያስቀምጠው ግዴታ አመክንዮ አለው። ሰፊው ኮሪደር በሰፊነቱ ይቆይ፣ የስብሰባ አዳራሹና ጂምናዚየሙ ተሸንሽነው አይጥፉ፣ ኮርኒስ ሲወርድ መስኮቱን አይቁረጥ ይላል። በጥቁር ሰሌዳውና በመማሪያ ክፍሉ በር ላይም እንዲሁ ይጠነቀቃል። አዲስ ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤት፣ ሊፍትና የእሳት ማምለጫ ግን ይገባል።

ጥበቃው ተቆጣጣሪ ካጣ ወረቀት ብቻ እንደሚሆንም ልብ ይሏል። የፍራንክሊን የውስጥ ክፍሎች ሳይቀሩ በከተማው ሕግ የተጠበቁ ነበሩ፤ ሆኖም በ2018 በእድሳቱ ወቅት መነካት ያልነበረባቸው ክፍሎች ተነቃቅለው በመገኘታቸው ከተማው ሥራውን አስቁሟል።

«አፍርሶ አዲስ መሥራት ይረክሳል»

አንዳንዴ ይረክሳል። በ1978 ለመኖሪያ ቤት ከመከልከሉ በፊት የተቀባ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ይኖራል፤ በቧንቧው ዙሪያ የተጠመጠመ አስቤስቶስም እንዲሁ። እነዚህን ማጽዳት ውድ ነው። ነገር ግን ሲፈርስም አስቤስቶሱ አስቀድሞ መነሣት አለበት፤ ማፍረስ ከዚያ ወጪ አያድንም።

በሌላ በኩል ትምህርት ቤት ለመለወጥ ከሚመቹ የድሮ ሕንፃዎች አንዱ ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ልጆች የሚያነቡት በመስኮት ብርሃን ስለነበር መስኮቱ ትልቅ፣ ጣሪያው ከ3 ሜትር ተኩል ያላነሰ ከፍታ ያለው ሆኖ ተሠራ። አንድ የመማሪያ ክፍል ከ70 እስከ 80 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው፤ ግድግዳው ሳይነካ አንድ አፓርታማ ይወጣዋል። ፋብሪካን ወይም ትልቅ መደብርን ወደ መኖሪያ ስትለውጡ መሀሉ ጨለማ ይሆናል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ክፍል መስኮት አለው።

«መጨረሻው የሀብታም አፓርታማ ነው»

ስጋቱ ከመሬት አልተነሣም፤ ዲሲ ውስጥ ወደ ውድ አፓርታማ የተለወጡ የድሮ ትምህርት ቤቶች አሉ። የግድ ግን አይደለም። በ1872 ለጥቁር ልጆች የተከፈተው የቻርልስ ሰምነር ትምህርት ቤት ዛሬ የከተማው ትምህርት ቤቶች ሙዚየምና ቤተ መዛግብት ነው።  ባርነትን በታገለው የምክር ቤት አባል ስም የተጠራው የታዲየስ ስቲቨንስ ትምህርት ቤት በ1868 ተሠርቶ በ2008 ተዘጋ፤ ከአጠገቡ ባለው ቦታ ላይ የቢሮ ሕንፃ እንዲሠራ በተደረገ ስምምነት አማካኝነት ታድሶ፣ ዳግም ለሕፃናት መማሪያነት ተመለሰ። ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው።

የፊላዴልፊያው ቦክ ግን ሁለቱንም ፊት ያሳያል። በ1930ዎቹ የተሠራ፣ ባለ 8 ፎቅ፣ ከ30 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። በ2013 ተዘግቶ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ዛሬ የልብስ ሰፊዎች፣ የእንጨት ሠራተኞች፣ የሠዓሊዎችና የትናንሽ ንግዶች መሥሪያ ነው፤ ወርክሾፖቹ ለእጅ ሥራ የተሠሩ ስለነበሩ ተመችተዋል። በ2015 ጣሪያው ላይ ባር ሲከፈት ግን ብዙዎች አዝነዋል፤ ልጆቹ ከወጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሐዘናቸው ተገቢ ነበር። ሕንፃውን ማዳንና ሰፈሩን መካስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሲሳካ ሁለተኛው በራሱ አይመጣም።

«ውሳኔው የሹማምንት ነው፤ እኛን አይመለከተንም»

በዲሲ ሕግ፣ ከተማው አንድን የሕዝብ ሕንፃ «አያስፈልገኝም» ብሎ ከማስተላለፉ በፊት የነዋሪ ስብሰባ መጥራት አለበት። ትርፍ የሆነ ትምህርት ቤት ሲሆን ቻርተር ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ ያገኛሉ። መሸጥም ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ ፍራንክሊን የተላለፈው በረጅም ጊዜ ኪራይ ነው፣ ባለቤቱ አሁንም ከተማዋ ናት። በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ደግሞ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ በሰፈራችሁ የተዘጋ ትምህርት ቤት ካለ ስብሰባው ላይ ተገኙና ሦስት ነገር ጠይቁ። እስከዚያው ጣሪያውን የሚጠግነው ማን ነው? የሚሸጥ ነው ወይስ የሚከራይ? አዳራሹ፣ ግቢው ወይም ጂምናዚየሙ ለነዋሪው ክፍት እንደሚሆን በውሉ ላይ ተጽፏል? አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከስብሰባው ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።