ለጀማሪ ትንሹ ጠመንጃ ይሻላል

አሰላ ላይ አንድ ጎልማሳ «ለዒላማ መለማመጃ፣ ሲፈቀድም ለአደን የሚሆን ጠመንጃ ብገዛ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ቢጠይቅ መካሪ አያጣም። አዛውንቱ «ልጄ፣ ከገዛህ አይቀር ቤልጂግ ግዛ» ይሉታል። ሌላው ምንሽርን ያወድሳል። የዛሬው ወጣት ደግሞ ከክላሽ በቀር ጠመንጃ የተሠራ አይመስለውም። ምክሩ ሁሉ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ እኛ ጠመንጃን የምናውቀው በዘመቻ፣ በጥበቃና በክብር በኩል ነው። ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ለመምታት፣ ወይም አልፎ አልፎ ለአደን ለመውጣት የሚሆነው ግን ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። እሱ ሲመረጥ ከስሙ በፊት ካሊበሩ፣ ክብደቱና ከገዢው ቁመና ጋር ያለው ልክ ይታያል።

ለነገሩ የአርሲ ሰው ከጠመንጃ ጋር የተዋወቀው በአፈሙዙ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የምኒልክ የጦር መሪ የራስ ዳርጌ ሠራዊት አዙሌ ላይ ድል ሲያደርግ የአርሲ ፈረሰኛ የያዘው ጦርና ጋሻ ነበር። እስከ ዓድዋ ባሉት ዓመታት በብዛት ወደ አገር ከገቡት አንዱ ውጅግራ ነው፤ ፈረንሳይ ሠራሽ፣ የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር አረር ያለው፣ አንዱን ተኩሶ ሌላ ጥይት በእጅ የሚጎርስ። ባሩዱ ጥቁር ስለነበር ተኳሹ ከተኮሰ በኋላ መምታት አለመምታቱን የሚያውቀው ጭሱ ሲገለጥለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተገዙት የሞዘር ዘሮች መጡ፤ ሽማግሌዎቹ ቤልጂግ የሚሏቸው እነሱን ነው። ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ ከአሜሪካ ጋራንድ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ክላሽ ተከተለ። ሁሉም ለወታደር የተሠሩ ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ለእኛ ጉዳይ ቀረብ ብሎ ሊታይ የሚገባው ሞዘር ነው። የ1898ቱ ሞዘር አሠራር ዛሬ በዓለም ላይ በሚሸጡት የአደን ጠመንጃዎች ውስጥ በብዛት አለ። የመዝጊያው እጀታ ወደ ላይ ይነሳና ወደ ኋላ ይሳባል፤ ረጅሙ የብረት ጥፍር የቀለሁን ጠርዝ ነክሶ ከጎተተ በኋላ ወደ ጎን ያስፈነጥረዋል። እጀታው ወደ ፊት ሲገፋ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል፤ ወደ ታች ሲመለስ በመዝጊያው ራስ ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች ከበርሜሉ ጀርባ ገብተው ይቆለፋሉ። እነሱ ቢሰበሩ እንኳ ከኋላ ሦስተኛ መጠባበቂያ አለ። ለጀማሪ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ ከአንድ ተኩስ ወደ ሌላው ለመሄድ እጅን ማንቀሳቀስ ግድ ነው። በዚያች ቅጽበት ሰው ይተነፍሳል፣ ያስባል፣ ዒላማውን ደግሞ ያያል። መዝጊያው ተከፍቶ ሲቀመጥም ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በአጠገቡ የቆመ ሁሉ ያያል።

ክላሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አስተማማኝነቱን ማንም አይክደውም፤ ጭቃ ውስጥ ወድቆም ይተኩሳል። ነገር ግን ከፊተኛው ማነጣጠሪያ እስከ ኋለኛው ያለው ርቀት 38 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህ ሲያጥር የዓይን ስህተት ዒላማው ላይ ሲደርስ ይገዝፋል። ደግሞም ተደጋጋሚ ተኳሽ የጦር መሣሪያ ነው፤ ለስፖርት ነው ብሎ ፖሊስ ፊት መቅረብ የዋህነት ይሆናል።

ፖሊስን ካነሳን፣ ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባም በአሰላም የሚጀመረው ከፈቃድ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል አድርጎታል። ጠመንጃ እንደ ሞባይል ተደርድሮ የሚሸጥበት ሱቅ አሰላ ላይ የለም፤ በጓሮ «ርካሽ አለ» ብሎ የሚመጣው ደግሞ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ታሪኩ የማይታወቅ፣ ምናልባትም ደም ያለበት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለምን ዓላማ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚፈቀድ መጠየቅ የምርጫው የመጀመሪያ እርምጃ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለፉት ዓመታት በአርሲ ገጠሮች የፈሰሰውን ደም የሚያውቅ ሰው፣ ጠመንጃ አንግቦ ወደ ጥድ ጫካ የሚገባን እንግዳ በስፖርተኛነት አይመለከተውም። ፈቃዱ በኪስ ቢኖርም የቀበሌው ሰውና ሚሊሻው አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ለዒላማ መለማመጃ እኔ የምመርጠው አገራችን ውስጥ እምብዛም የማይታወቀውን ሃያ ሁለት ካሊበር ነው። አረሩ 5.6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2.6 ግራም ያህል ክብደት አለው። የዛሬው ረጅም ጥይት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን እስካሁን በዓለም በብዛት ከሚተኮሱት አንዱ ነው። የኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚካሄደው በእሱ ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ነው። አንድ ጎረምሳ ጦረኛ ከክላሹ ጋር ቢመጣ በዚያ ርቀት ያንን ቁልፍ ደጋግሞ መምታት አይችልም።

ትንሽነቱ የሚጠቅመው በርግጫው ነው። ጀማሪን የሚያበላሸው ጠመንጃው ትከሻውን ሊመታው መሆኑን ማወቁ ነው። ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸማቅቃል፣ አረሩም ወደ ታች ይሄዳል። ይህ ልማድ አንዴ ከያዘ ለመልቀቅ ዓመታት ይፈጃል። ሃያ ሁለት ግን አይራገጥም፤ ተኳሹ ስህተቱን ከራሱ እንጂ ከጠመንጃው አይፈልግም። ይህን ስል መጫወቻ ነው ማለቴ አይደለም። አረሩ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሰውም ይገድላል። ስለዚህ ከዒላማው በስተጀርባ አረሩን የሚይዝ የአፈር ቁልል ወይም ገደል ከሌለ አይተኮስም። በአርሲ ደግሞ ባዶ የሚመስለው የስንዴ ማሳ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ እረኛ ይኖራል።

ልኩን መርምሮ መግዛት ከዋጋው በላይ ያስፈልጋል። የቆየው ዘዴ ቀላል ነው፦ ሰደፉ በክርን መታጠፊያ ላይ ሲደገፍ አመልካች ጣት ምላጩ ላይ ያለ ጭንቅ ከደረሰ ልኩ ነው። ረጅም ከሆነ በብርድ ቀን ካፖርት ላይ ይያዛል፤ አጭር ከሆነ ጉንጭን ይመታል። ቀጥሎ ዓይን ነው። አውራ ጣትን ዘርግቶ ሩቅ ያለ ዛፍ ላይ ማስተካከልና አንድ አንድ ዓይን መጨፈን፤ ጣቱ ከዛፉ ሳይነቃነቅ የሚታይበት ዓይን ጌታው ነው፣ ጠመንጃውም በዚያ ወገን መያዝ አለበት። ቀኝ እጁ ብርቱ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ሳያውቅም ዕድሜ ልኩን «ጠመንጃው ጠማማ ነው» ይላል።

የአደን ነገር ሲመጣ ትንሹ ጠመንጃ ወደ ጎን ይላል። ለድኩላና ከዚያ ለሚበልጥ እንስሳ ሃያ ሁለት ጭካኔ ነው፤ አቁስሎ ይለቃል። ለቆቅና ለጅግራ ደቃቅ የእርሳስ እንክብል የሚበትን ባለ 12 ቁጥር ጠመንጃ ይበቃል፤ ከ40 ሜትር ካለፈ ግን አይታመንም። ለትልቁ እንስሳ ከ7 እስከ 7.62 ሚሊ ሜትር ያሉት የአደን ካሊበሮች ይበቃሉ። ከዚያ በላይ መግዛት የሚያምረው ለፉከራ ነው። ካራሞጆ ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ አዳኝ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ሲገድል ለአብዛኛው የተጠቀመው በ7 ሚሊ ሜትር ሞዘር ነበር። በምግባሩ ማንም አይኮራበትም፤ የሚያረጋግጠው ግን ከጉልበት ይልቅ አረሩ ያረፈበት ቦታ እንደሚወስን ነው።

በአርሲ ደጋ የአደን ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለም። ለአውሮፓ ሳይንስ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሜጀር አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 እዚሁ አርሲ ተራሮች ላይ ገድሎ ወሰደ፣ የእንስሳት ተመራማሪው ሪቻርድ ሊዴከር በ1910 ስሙን ሰጠው። ደን ሲመነጠርና ገብሱ ወደ አስታው ቁጥቋጦ ሽቅብ ሲወጣ መጠጊያው እየጠበበ ሄዷል፤ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ይቆጠራል። የጭላሎና የገለማ፣ የካካና የሁንኮሎ ተራሮች በአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ማደን የለም። በዚሁ ደጋ እንደ ሙነሳ-ኩኬና አርባ ጉጉ ያሉ ቁጥጥር ያለባቸው የአደን ቀጠናዎች ግን አሉ፤ በኮታ፣ ያረጁ ወንዶች ብቻ ተለይተው፣ በአብዛኛው ከውጭ አገር በሚመጡ አዳኞች ብዙ ዶላር ይከፈልባቸዋል። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ እንጂ ከፖሊስ አይደለም። ሁለቱን ፈቃዶች አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ጠመንጃ የመያዝ ፈቃድ ሚዳቋ የመግደል ፈቃድ አይደለም። ድንች የሚቆፍር ከርከሮ እንኳ ያለ ፈቃድ አይተኮስም።

ተራራው ራሱ ተኳሽን ይፈትናል። አሰላ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ወደ ጭላሎ ትከሻ ሲወጣ ይበልጥ ይሳሳል። አረሩ ብዙም ስለማይከለከል ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ ካተመው ሠንጠረዥ ያነሰ ይወድቃል። እስከ 200 ሜትር ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ዳገቱ ግን ያስታል። ከታች ሆኖ በ30 ዲግሪ ሽቅብ፣ 300 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ የሚያነጣጥር ሰው ማስላት ያለበት 300ውን ሳይሆን በአግድም ያለውን 260 ሜትር ነው፤ የምድር ስበት አረሩን የሚጎትተው በአግድሙ ልክ ነውና። ይህን የማያውቅ ሽቅብም ተኩሶ ቁልቁልም ተኩሶ ሁልጊዜ ከእንስሳው ጀርባ በላይ ያሳልፋል። በ200 ሜትር የተስተካከለ የ7.62 አደን ጠመንጃ በ300 ሜትር 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ260 ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ይወርዳል። ጀማሪ ግን ይህን ሁሉ ቀመር ከመቁጠር 150 ሜትር እስኪቀርብ መንፏቀቅ ይሻለዋል፤ በአስታው መሐል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ አይታይም።

ትንፋሽ ሌላው ነው። አርሲ ሯጮች የሚወጡበት አገር ነው፤ በቆጂና አሰላን ዓለም የሚያውቃቸው በትንፋሽ ነው። ተኳሽ ግን ዳገቱን ወጥቶ ወዲያው መተኮስ የለበትም፤ ልቡ እየመታ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከምቱ ጋር ይነቃነቃል። ተቀምጦ፣ አየሩን ከግማሽ በላይ አውጥቶ፣ ቀጣዩን ከመሳቡ በፊት ባለችው ጸጥታ ውስጥ ምላጩን ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ይህን በሃያ ሁለቱ ወረቀት ላይ ያልተለማመደ ተራራ ላይ አያገኘውም።

ገንዘቡን ስለ መክፈል፦ ለጠመንጃው ሁሉንም አውጥቶ ለጥይት ባዶ ኪስ መቅረት የተለመደ ስህተት ነው። መካከለኛ ጠመንጃ ገዝቶ የቀረውን ለጥይትና ለሚቆለፍ የብረት ሳጥን ማዋል ይሻላል፤ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ፣ በሌላ ክፍል። ከጉም ውስጥ ወጥቶ የገባን ጠመንጃ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቀዝቃዛው ብረት ውስጥና ውጪ ውሃ ያልበዋል። መዝጊያውን ከፍቶ፣ ባዶነቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጦ፣ በርሜሉን በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በትንሽ ዘይት መወልወል ነው። ዘይቱ ቢበዛ ደግሞ ጭላሎ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይወፍርና መዝጊያው ከብዶ ይነሳል።