ማሽኑ ሲሰረዝ መረጃው የት ይቀራል? የዲስክ ምስልና የብሎክ ማከማቻ በኦፕንስታክ

አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ የሰበሰበውን መረጃ ለሦስት ሳምንታት በአንድ ምናባዊ ማሽን ላይ ሲያጠናቅር ቆየ እንበል። ማሽኑ የሚገኘው በጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር ሳይሆን በኔትወርክ አማካይነት በሚጠቀምበት የክላውድ ሥርዓት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ቀርፋፋ ሆነበትና «ይህን ሰርዤ ሌላ ልፍጠር» ብሎ ሰረዘው። አዲሱ ማሽን ወዲያውኑ ተነሣ፤ የሦስት ሳምንቱ መረጃ ግን አብሮ አልተመለሰም። ሥርዓቱ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ተማሪውን ለጉዳት የዳረገው በዲስክ ምስልና በቮልዩም መካከል ያለውን ልዩነት አለማወቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ ኦፕንስታክ የተባለውን የክላውድ ሶፍትዌር ምሳሌ አድርገን ይህን ልዩነት እናብራራለን።

ኦፕንስታክ ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ክላውድ ኮምፒዩቲንግ ማለት የብዙ ኮምፒውተሮችን የማስላት፣ የማከማቸትና የኔትወርክ አቅም በአንድነት አስተባብሮ ለተጠቃሚዎች እንደየፍላጎታቸው ማደል ነው። ሃይፐርቫይዘር የተባለው ሶፍትዌር አንዱን ኮምፒውተር በብዙ ምናባዊ ማሽኖች ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱም ራሱን የቻለ ኮምፒውተር መስሎ ይሠራል።

ኦፕንስታክን እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እና ራክስፔስ የተባለው ኩባንያ ናቸው። የፕሮግራሙ ምንጭ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንም ሰው አንብቦ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ይችላል። ሥራው በተለያዩ ክፍሎች የተደለደለ ሲሆን ኖቫ ምናባዊ ማሽኖችን ይፈጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጨመረው ግላንስ የዲስክ ምስሎችን ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኖቫ ተለይቶ የወጣው ሲንደር ደግሞ የብሎክ ማከማቻን ያስተዳድራል። በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በአጭሩ ሰርን፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለሳይንቲስቶቹ የሚያስፈልጉትን ማሽኖች በዚህ ሶፍትዌር ሲያቀርብ ቆይቷል።

ምስሉ፦ የማይለወጠው ናሙና

የዲስክ ምስል ማለት ስርዓተ ክወናው ተጭኖ የተዘጋጀ የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ ነው። ብሎኬት አምራች በአንድ ሻጋታ ብዙ ተመሳሳይ ብሎኬቶችን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ኖቫም ከአንድ ምስል ብዙ ተመሳሳይ ማሽኖችን ያወጣል። ምስሉ አንዴ ግላንስ ውስጥ ከገባ በኋላ ይዘቱ አይለወጥም። ከይዘቱ ተሰልቶ የተገኘ የማረጋገጫ ቁጥር አብሮት ስለሚመዘገብ በዝውውር ጊዜ አንዲት ቢት እንኳ ብትዛባ ይታወቃል።

ከምስሉ የተነሣ ማሽን በተለመደው አሠራር የሚጽፈው ጊዜያዊ በሆነ ዲስክ ላይ ነው። ማሽኑ ሲሰረዝ ይህ ዲስክም አብሮ ይሰረዛል። ከላይ የጠቀስነው ተማሪ መረጃውን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቮልዩሙ፦ ከማሽኑ ተለይቶ የሚኖር ዲስክ

ቮልዩም በሲንደር አማካይነት የሚፈጠር፣ ከማሽን ጋር የሚገናኝና የሚለያይ ምናባዊ ዲስክ ነው። ማሽኑ ቢሰረዝ ቮልዩሙ ይቆያል፤ በሌላ ማሽን ላይም ሊገናኝ ይችላል። ነገር ግን ማሽኑ ሲፈጠር «ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሰረዝ» የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶ ከሆነ እርሱም አይተርፍም።

«ብሎክ» የሚለው ስያሜ ዲስኩ እኩል መጠን ባላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ 512 ወይም 4096 ባይት በሚይዙ፣ ተራ ቁጥር በተሰጣቸው ክፍሎች የተከፋፈለ መሆኑን ያመለክታል። ማከማቻው የሚያውቀው «የ7000ኛውን ብሎክ ይዘት ስጠኝ» ወይም «በ7001ኛው ላይ ይህን ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ፋይልና ማኅደር የሚባሉትን የሚያውቀው በማሽኑ ውስጥ ያለው ስርዓተ ክወና ነው። ስለዚህም አንዱን ቮልዩም ለሁለት ማሽኖች በአንድ ጊዜ ሰጥቶ ተራውን የፋይል ሥርዓት መጠቀም አደገኛ ነው፤ አንዱ ሌላው የጻፈውን ሳያውቅ ስለሚደመስስ ይዘቱ ይበላሻል።

መረጃው ራሱ በሲንደር ፕሮግራም ውስጥ አያልፍም። ሲንደር ቮልዩሙ የትኛው ማከማቻ ላይ እንደሚፈጠር ይወስናል፤ ግንኙነቱንም ያመቻቻል። ከዚያ በኋላ ማሽኑና ማከማቻው በቀጥታ ይነጋገራሉ።

አንድ መጽሐፍ ለአርባ ተማሪዎች

ለአንድ ክፍል ተማሪዎች 40 ማሽኖች ያስፈልጋሉ፣ ምስሉም 10 ጊጋባይት ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ሙሉ ቅጂ ቢሰጥ 400 ጊጋባይት ቦታ ይወስዳል። ይህን ሁሉ በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ የኔትወርክ መስመር ለማዛወር ደግሞ ወደ 53 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

መፍትሔው «በመጻፍ ጊዜ መቅዳት» የሚባለው ዘዴ ነው። በቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አለ። ተማሪዎቹ ሁሉ እርሱን ያነባሉ፤ በላዩ ላይ መጻፍ ግን ክልክል ነው። አንድን ገጽ ማረም የፈለገ ተማሪ ያንን ገጽ ብቻ በራሱ ወረቀት ላይ ገልብጦ ያርማል። በኋላ ሲያነብ ለገጹ የራሱ ወረቀት ካለው ከዚያ፣ ከሌለው ከመጽሐፉ ያነባል። በዲስኩም ላይ የሚሆነው እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ የሚቀዳው የሚለውጠውን ክፍል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ማሽን 200 ሜጋባይት ቢለውጥ ጠቅላላው 400 መሆኑ ቀርቶ ወደ 18 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ማሽኖቹም ሙሉ ቅጂ እስኪዘጋጅ ሳይጠብቁ ይነሣሉ።

ይህን ዘዴ በስፋት ከሚጠቀሙት አንዱ ሴፍ የተባለው ክፍት ማከማቻ ነው። መነሻው ሴጅ ዋይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ያካሄደው የዶክትሬት ጥናት ነው። ሴፍ አንዱን ቮልዩም በተለመደው አሠራር 4 ሜጋባይት በሚይዙ ቁርጥራጮች ይከፍለዋል፤ የእያንዳንዱንም ሦስት ቅጂ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ያስቀምጣል። የትኛው ቁርጥራጭ የት እንዳለ ለማወቅ መዝገብ አያገላብጥም፤ ክራሽ በተባለ ቀመር ያሰላዋል። በመሆኑም ሁሉም ጠያቂ የሚሰለፍበት አንድ ጠባብ በር አይኖርም።

ሆኖም ምስሉና ቮልዩሙ በሴፍ ውስጥ በዚህ ዘዴ እንዲገናኙ ምስሉ ጥሬ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። ኪውካው-2 በሚባለው የታመቀ ቅርጽ ከተቀመጠ በቅድሚያ ወርዶ መለወጥ ስላለበት ፍጥነቱ ይቀራል። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ የተመረጠው ቅርጽ ይበልጥ ቦታና ጊዜ ያስወጣል ማለት ነው።

ቅጽበታዊ ቅጂ መጠባበቂያ አይደለም

ስናፕሾት ወይም ቅጽበታዊ ቅጂ የቮልዩሙን ይዘት በአንዲት ቅጽበት እንደነበረ ይይዛል። በተሳሳተ መንገድ የተለወጠን ነገር ለመመለስ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ በማሽኑ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ያለና ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ መረጃ አይገባበትም። ሁለተኛ፣ በሴፍ ላይ እንደሚታየው ቅጂው ዋናው ቮልዩም ባለበት ማከማቻ ውስጥ ስለሚቀመጥ ማከማቻው ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። የሴፍ ሦስት ቅጂዎችም የዲስክ ብልሽትን እንጂ የሰውን ስሕተት አይከላከሉም፤ ባለቤቱ ፋይሉን ሲደመስስ ከሦስቱም ላይ ይደመሰሳል። እውነተኛ መጠባበቂያ ወደ ሌላ ማከማቻ የተገለበጠ ቅጂ ሲሆን ሲንደር ለዚህ የተለየ አገልግሎት አለው።

ያልታወቀ ምስል ያልታወቀ እንግዳ ነው

ምስሎችን ተጠቃሚዎች ራሳቸው ማስገባት መቻላቸው ሌላ አደጋ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በሲንደር፣ በግላንስና በኖቫ ላይ አንድ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። የኪውካው-2 ቅርጽ የምስሉ ይዘት በሌላ ፋይል ውስጥ እንደሚገኝ በራስጌው ላይ ማመልከትን ይፈቅዳል። ተንኮለኛ ተጠቃሚ በዚያ ቦታ የአስተናጋጁን ኮምፒውተር የምስጢር ፋይል አድራሻ ቢጽፍ፣ ሥርዓቱ ምስሉን ሲከፍት ያንን ፋይል አንብቦ ያስረክበው ነበር። ክፍተቱ የተደፈነው እንዲህ ያለውን ምስል ከመክፈት በፊት መርምሮ በመከልከል ነው።

ማጠቃለያ

ምስል መነሻ ነው፤ ቮልዩም ማኖሪያ ነው፤ ቅጽበታዊ ቅጂ መመለሻ ነው፤ መጠባበቂያ ደግሞ መትረፊያ ነው። እነዚህን ለይቶ የሚያውቅ ተጠቃሚ ማሽን ከመሰረዙ በፊት «መረጃዬ የተጻፈው በየትኛው ዲስክ ላይ ነው? ዲስኩስ ከማሽኑ ጋር ይሰረዛል ወይስ ይቀራል? ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ አለኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ኦፕንስታክን ለመለማመድ ደቭስታክ የተባለውን ስብስብ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይበቃል። ቮልዩም ፈጥሮ ከማሽን ጋር ማገናኘት፣ አንዲት ፋይል መጻፍ፣ ማሽኑን መሰረዝ፣ ቮልዩሙንም ከሌላ ማሽን ጋር አገናኝቶ ፋይሏን መፈለግ፤ ይህን የሞከረ ተማሪ የሦስት ሳምንት ሥራውን በከንቱ አያጣም።