ስሙ አንድ፣ ተክሉ ብዙ፤ ኮሸሽላን በግጦሽ መሬት ላይ እንዴት እንለየው?

መስከረም ጠብቶ በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው መስክ ሲለመልም ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም መኖ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ከብቶች ሣሩን ግጠው አንዱን ተክል ሳይነኩት ያልፋሉ። እርሱም እሾሃማው ኮሸሽላ ነው። ሣሩ በተጋጠ ቁጥር ያልተነካው ኮሸሽላ ቦታ እያገኘ ይሄዳል፤ የበሬውና የላሟ ድርሻም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። ኮሸሽላና ዳንደር የሚሉት መጠሪያዎች እንደየአካባቢው ለተለያዩ እሾሃማ ተክሎች ይውላሉ። ስለዚህ የነቀላ ዘመቻ ከመጥራት በፊት ተክሉን በመልኩ መለየት ይገባል።

አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ካርዱስ የሚባለው የሱፍ ዘመድ ነው። እሾሃም ቅጠሉ መሬት ላይ ክብ ሆኖ ይነጠፋል። ግንድ የሚያወጣው ዓይነት ከላይ እስከ ታች እሾሃማ ክንፍ አለው፤ አንዱ የደጋ ዓይነት ግን አበባውን ከቅጠሎቹ መሐል መሬት ላይ ያወጣል። አበባው አብዛኛውን ጊዜ ወይን ጠጅ ነው። ዘሩ ሲደርስ ጥጥ በመሰለ ፀጉር በነፋስ ይበተናል።

ሁለተኛው ኢኪኖፕስ ሲሆን አበባው እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው። ንቦች ይቀስሙታል። ሥሩ ለጭስና ለባህላዊ መድኃኒት የሚፈለገው ቀበርቾ ከዚሁ ወገን ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ከአረም ጋር ተደባልቆ መነቀል የለበትም።

ሦስተኛው አካንተስ ነው። ቀይ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሲሆን በአጥርና በድንበር ላይ ይታያል። እዚያ እስካለ ድረስ አጥርነቱ ይጠቅማል።

መስኩን የወረረውን ካርዱስ ለማስወገድ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ አበባው ወደ ዘር ሳይለወጥ በዶማ ከነሥሩ መንቀል ይሻላል። ከላይ ብቻ ከታጨደ ከሥሩ መልሶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ዘር የያዘውን ሜዳ ላይ መጣል ደግሞ ለከርሞ እንደ መዝራት ነው፤ ሰብስቦ ማቃጠል ያስፈልጋል።

ነቀላው ብቻውን ግን አይበቃም። የተራቆተ መሬት ለአረም ክፍት ነው። የቀበሌና የወረዳ አመራሮች ከማኅበረሰቡ ጋር ተመካክረው የወል ግጦሹን በፈረቃ ቢያሳርፉ፣ አጭዶ መመገብንም ቢያስለምዱ ሣሩ ያገግማል። ያገገመ ሣር ለኮሸሽላ ቦታ አይለቅም።